ጨረታው ደምቆ ካዝናው ለምን ባዶ ቀረ?

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ውስጥ 60 ሕፃናትን በምሳና በትምህርት ቁሳቁስ የምንደግፍ ትንሽ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነን። አምና ጣና ዳር ባለ ሆቴል የጨረታ ምሽት አዘጋጅተን 120 እንግዳ መጣልን፣ 40 ዕቃ ተጫረተ። በጠቅላላው 380,000 ብር ተጠራ። ወጪው ግን 290,000 ሆነ፤ ለአዳራሽና ለምግብ 170,000፣ ለድምፃዊ 80,000፣ ለባነርና ለጨረታ ለገዛናቸው ቴርሞስ፣ የግድግዳ ሰዓትና ሌሎች ዕቃዎች 40,000። ካሸነፉት ሰዎች ደግሞ 70,000 ብር እስካሁን አልከፈሉንም። ዘንድሮ ከአዲስ አበባ ታዋቂ አርቲስት ልናመጣ፣ ዕቃውን 60 ልናደርስ፣ መነሻ ዋጋውን ከፍ ልናደርግ፣ ቶምቦላም ልንጨምር አስበናል። ምን ይመክሩናል?»

መልስ፦ ያሰባችኋቸው አራቱም ለውጦች ችግሩን ያብሱታል። መጀመሪያ የአምናውን ሒሳብ እንየው። ከ380,000 ላይ 290,000 ወጪ ሲነሣ 90,000 ይቀራል። ያልተሰበሰበው 70,000 ሲቀነስ እጃችሁ የገባው 20,000 ብር ብቻ ነው። ለ60 ልጆች ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 333 ብር። ለዚህ ብር ነው ያን ሁሉ የለፋችሁት። በዚህ ማንም ሊወቅሳችሁ አይገባም፤ የጨረታ ምሽት ከውጭ ሲያዩት ሞቅ ያለ ስለሆነ ብዙ ድርጅት የተጠራውን ብር የተገኘ ብር አድርጎ ያያል። ዘንድሮ ግን ከስብሰባችሁ ሁሉ «ስንት ተጠራ» የሚለውን ቃል አውጡት። «ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ» ብቻ ይነገር።

ዋናው ስሕተት ያለው እዚህ ነው። ዕቃ ሲበዛ ብር የሚበዛ መስሏችኋል። ዋጋን የሚያስወጣው አንድን ነገር የሚፈልጉ፣ የሚችሉና እዚያው አዳራሽ ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች መኖራቸው ነው። ሁለተኛው ሰው ከሌለ የመጀመሪያው በመነሻ ዋጋ ወስዶት ይሄዳል። እስቲ የአምናውን እንግዳ ቁጠሩት። 120 ሰው ስትሉ ባልና ሚስት አንድ ኪስ ናቸው። ከዚያ ላይ የራሳችሁን ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች፣ ጋዜጠኞችን፣ ከድምፃዊው ጋር የመጡትን፣ «ጥሪ ደረሰኝ፣ እንዴት እቀራለሁ» ብለው የመጡትን ቀንሱ። እኔ እንደማየው በእንዲህ ያለ ዝግጅት የቀረው ኪስ ቢበዛ 40 ነው። 40 ኪስ ፊት 40 ዕቃ ካስቀመጣችሁ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ፈላጊ ደረሰው ማለት ነው። ያ ከጨረታ ይልቅ ሱቅ ነው፤ ያውም ቅናሽ የበዛበት ሱቅ። ዕቃውን 60 ስታደርሱት ደግሞ ቁጥሩ ይብሳል።

መነሻ ዋጋን ከፍ ማድረግም ብር አያመጣም። ሰው አንዴ እጁን ካነሣ በኋላ ዕቃውን በልቡ የራሱ ያደርገዋል፤ ሌላው ሲነጥቀው ይቆጨዋል፣ ይጨምራል። ያ የመጀመሪያ እጅ እንዲነሣ ደግሞ መነሻው የማያስፈራ መሆን አለበት። ገበያ ላይ 6,000 ብር የሚያወጣ ጋቢ ቢኖራችሁ ከ2,500 ወይም ከ3,000 ጀምሩት። ከ6,000 ከጀመራችሁት አዳራሹ ዝም ይላል፤ ዝምታው ደግሞ ቀጣዩንም ዕቃ ይገድላል። ከዚህ በታች አይሸጥም የምትሉት ዋጋ ካለ በአጫራቹ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ከአፉ ግን አይውጣ።

አርቲስቱን በአጭሩ፦ አታምጡት። ታዋቂ ሰው የሚስበው ሊያየው የሚፈልገውን ነው፣ ሊከፍል የሚፈልገውን አይደለም። አበል፣ አውሮፕላንና ሆቴል ስትደምሩት የልጆቹ የወራት ምሳ ነው። በነፃ የሚመጣ ወዳጅ ካላችሁ ሁለት ዘፈን ዘፍኖላችሁ እንደ ማንኛውም እንግዳ ገበታ ላይ ይቀመጥ።

አሁን ወደ ዕቃው። ባሕር ዳር ሆናችሁ ቴርሞስና የግድግዳ ሰዓት ገዝታችሁ ማጫረታችሁ ያሳዝነኛል። በብር ገዝታችሁ የምታጫርቱት ዕቃ ማትረፉ ዕድል ነው። የመጀመሪያው ደንብ ይህ ይሁን፦ በስጦታ ያልመጣ ነገር መድረክ ላይ አይወጣም። ሁለተኛው ደንብ፦ ሰው ሱቅ ገብቶ ሊገዛው የሚችለውን ነገር አታውጡ፤ ዋጋውን ያውቀዋል፣ ከዚያ አልፎ አይሄድም። ዋጋው የማይታወቅ ነገር ፈልጉ። ልጆቻቸውን የምትረዱላቸው እናቶች ራሳቸው የፈተሉት ጋቢ ዋጋው አይታወቅም። አሳ አጥማጅ ማኅበሩን አነጋግራችሁ «ለአሥር ሰው፣ ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ ዓሣ፣ ሐይቁ ዳር ተጠብሶ» ብትሉ ዋጋው አይታወቅም። ከደንገል የተሠራች፣ የሠሪው ስም የተጻፈባት ትንሽ ታንኳም እንደዚያው። የጥርስ ሐኪም ለአንድ ቤተሰብ ሙሉ ምርመራ ቢሰጥ፣ የዘጌ ገበሬ ከጓሮው ለቅሞ ያደረቀውን ቡና ቢሰጥ፣ ሒሳብ ባለሙያ ለአንድ ነጋዴ የአንድ ወር መዝገብ አያያዝ ቢሰጥ፣ ሁሉም እናንተን ምንም አያስወጣችሁም።

የጀልባ ጉዞ ከሁሉ የተሻለው የባሕር ዳር ስጦታ ነው። ግን በደንብ ካልተጻፈ ጠብ ያመጣል። አንድ ጊዜ እኔ ባጫረትኩበት ምሽት ወረቀቱ ላይ የሰፈረው «የጣና ገዳማት ጉብኝት፣ በጀልባ» የሚል ብቻ ነበር። ያሸነፈው አባወራ ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን ይዞ ሄደ። ባለ ጀልባው የወሰዳቸው ቅርብ ወደሆነው ወደ ክብራን ገብርኤል ነው። እዚያ ሴት አይገባም። አባትየው ወረደ፣ እናትና ልጆች ጀልባው ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እናንተ ስትጽፉ እንዲህ ጻፉት፦ «ለ8 ሰው። ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ወንድም ሴትም የሚገባበት። አስጎብኚና ምሳ አለው። የገዳሙ መግቢያ ተከፍሏል። እስከ ሰኔ 30 ድረስ፣ ከበዓል ቀናት በስተቀር። ከሦስት ቀን በፊት ይደወል።» ሰጪውም እዚያው ይፈርምበት። የማይከበር ስጦታ አንዱን ለጋሽ ለዘለዓለም ያሳጣችኋል።

እዚህ ላይ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጣና ዙሪያ ስለምትኖሩ አንድ ቀን ሰው ያረጀ ብራና፣ የቆየ መስቀል ወይም ሥዕል ይዞ «ለልጆቹ አጫርቱት» ብሎ ይመጣል። አትቀበሉ። ቅርስ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተጠበቀ ነው፤ እንደ ተራ ዕቃ መዶሻ የሚመታበት አይደለም። ከየት ገዳም እንደወጣም አታውቁም። ሰውየው ቅን ቢሆን እንኳ ወደ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ምሩት።

ዕቃዎቹን ሁለት ቦታ ክፈሏቸው። ከ10 እስከ 12 የሚሆኑ አነስተኛ ስጦታዎች በወረቀት ይጫረቱ። ገበታ ላይ ዕቃው ይቀመጣል፤ ከፊቱ ወረቀት። ወረቀቱ አናት ላይ የዕቃው ስም፣ የሰጪው ስም፣ መነሻ ዋጋና ዝቅተኛ ጭማሪ ይጻፋል። ከሥር ባዶ መስመር፦ የተጫራች ቁጥር፣ ብር። እስክሪብቶው በክር ታስሮ ከገበታው ጋር ይሁን፤ ይህን ሳታደርጉ ብትቀሩ በሩብ ሰዓት ውስጥ አንድም እስክሪብቶ አይተርፍም። ጭማሪው የመነሻው አንድ አሥረኛ ገደማ ይሁን። በ50 ብር ሲጨምሩ ማምሸት ጊዜ ይፈጃል፣ በ2,000 መጨመር ደግሞ ያባርራል። ገበታው ከምሳው መነሣት ጋር ይዘጋ፤ ከመዘጋቱ አሥር ደቂቃ በፊት ጮክ ተብሎ ይነገር። ትልቁ ጭማሪ የሚመጣው በነዚያ አሥር ደቂቃዎች ነው።

መድረክ ላይ የሚወጡት ከ8 አይብለጡ። አንዱ ሦስት ደቂቃ። ምርጡን መጀመሪያ አታውጡት፤ ሰው ገና አልሞቀም። መጨረሻም አታድርጉት፤ ሰው ኮቱን እያነሣ ነው። አራተኛ ወይም አምስተኛ ይሁን። አጫራቹ ቀልደኛ መሆን አይጠበቅበትም። እንግዶቹን በስም የሚያውቅ፣ ማንን «ጋሼ»፣ ማንን «እትዬ» እንደሚል የሚያውቅ፣ ቁጥር የማይሳሳት ሰው በቂ ነው። ማንንም በስም ጠርቶ «እርስዎስ?» እያለ አያስጨንቅ። ዋጋ ለማስወጣት የውሸት ተጫራች አዳራሽ ውስጥ መትከል ደግሞ ማጭበርበር ነው። ባሕር ዳር ትንሽ ከተማ ናት፤ ሳምንት ሳይሞላ ይታወቃል።

ስለ ራሳችን የጨረታ ልማድ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ምክንያቱም ከማንኛውም የሆቴል ጨረታ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ደብራችሁ ውስጥ ድፎ ዳቦ ወይም ጃንጥላ ሲጫረት አይታችኋል። አንዱ 500 ይላል፣ ሌላው 1,000 ይጨምራል። በብዙ ቦታ የተሸነፈውም የጠራውን ይሰጣል። በመጨረሻ ዳቦው የደረሰው ሰው «መልሼ ሰጥቻለሁ» ይልና እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። አንድ ዳቦ ሦስት ጊዜ ይሸጣል። ይህ ለምን ይሠራል? በተለመደው ጨረታ የሚከፍለው አንድ ሰው ብቻ ነው። የተሸነፈው ደግሞ ብሩ ለልጆቹ እንደሚውል ያውቃል። «እሱ ከፈለ፣ ልጆቹ አገኙ፣ እኔም ደስ አለኝ» ብሎ ቶሎ እጁን ያወርዳል። ለንግድ በሚደረግ ጨረታ እንዲህ ያለ ደስታ የለም፤ በበጎ አድራጎት ግን ደግነቱ ራሱ ዋጋውን ያቀዘቅዘዋል። ሁሉም የሚከፍልበት ጨረታ ይህን ቀዳዳ ይደፍናል። የበጎ አድራጎት ጨረታን ያጠኑ የምጣኔ ሀብት ሰዎችም በሒሳብ ቀመር የደረሱት እዚሁ ነው። እናቶቻችን ያለ ቀመር ያውቁት ነበር።

እናንተም አንዴ ተጠቀሙበት፤ አንዴ ብቻ። ከተረጂ ልጆች እናቶች አንዷ የጋገረችው ድፎ ዳቦ በኮባው እንዳለ፣ ገና ሳይቆረስ፣ መድረክ ላይ ይውጣ። ደንቡ፦ እጁን ያነሣ ሁሉ 1,000 ብር ይጨምራል፣ የጨመረውን ይከፍላል፤ አሥር ደቂቃ ሲሞላ የመጨረሻው እጅ ዳቦውን ይወስዳል። 40 ሰው አንድ አንድ ጊዜ ብቻ እጁን ቢያነሣ 40,000 ብር ነው። ደንቡ ግን ሳይጀመር ሦስት ጊዜ ይነገር። ተሸናፊ እንደሚከፍል ሳያውቅ እጁን ያነሣ ሰው የተታለለ ይመስለዋል፤ መብቱም ነው።

ከዚያ ሰው በሞቀበት ሰዓት፣ ማለትም ምርጡ ዕቃ እንደተሸጠ፣ ጨረታውን አቁሙና በቀጥታ ጠይቁ። የዝግጅቱ ትልቁ ገቢ መምጣት ያለበት ከዚህ ነው። ምንም ዕቃ የለም። አንድ ነገር ብቻ ይነገራል፤ የአንድ ልጅ ምሳ ለአንድ ዓመት ስንት ነው። ቁጥሩን ራሳችሁ ከደረሰኛችሁ አውጡት፤ ገምታችሁ አትናገሩ። ከላይ ጀምራችሁ ውረዱ፦ 50,000፣ 20,000፣ 10,000፣ 5,000፣ 2,000፣ 1,000። በእያንዳንዱ እርከን እጅ ያነሡትን ቁጥር ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይጻፉ፣ በኋላ ያመሳክሩ። የ50,000ውን እርከን በዘፈቀደ አትጥሩት። ቀድማችሁ ቤቱ ሄዳችሁ «እርስዎ ይጀምሩልናል ወይ?» ብላችሁ እሺ ያለ አንድ ሰው ይኑራችሁ። ላይኛው እርከን በዝምታ ካለፈ ታችኛው አይነሣም። 1,000ው ላይ ስትደርሱ ደግሞ አትቸኩሉ፤ አስተናጋጁም ሾፌሩም ሲያነሡ አይቻለሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እዚህ ጋ ነው።

ልጆቹን መድረክ ላይ አታውጡ። እንዳያለቅሱ፣ እንዳያስለቅሱ። የምሳ ሳህናቸውንና አንድ የተሞላ የቤት ሥራ ደብተር አሳዩ፤ ይበቃል። ስሙ እንዲጠራ የማይፈልግ ሰውም ይኖራል። ቀኝ እጅ የሰጠችውን ግራ አትወቅ ብሎ ያደገ ሰው ብዙ ነው። እያንዳንዱ ገበታ ላይ ባዶ ፖስታ ይቀመጥለት።

አሁን ስላልተሰበሰበው 70,000። ይህ የይሉኝታ ዕዳ ነው። ይሉኝታ ማታ እጅ ያስነሣል፤ ጠዋት ስልክ አያስነሣም። ሰውየው ክፉ አይደለም። ጓደኞቹ እያዩት ጠራ፣ ቤቱ ሲገባ ደነገጠ፣ ሲደወልለት አፈረ። ስለዚህ ብሩ ሰው ከአዳራሹ ሳይወጣ ይሰብሰብ። ሲገቡ ስምና ስልክ ተመዝግቦ የቁጥር ካርድ ይሰጣቸው። ከበሩ አጠገብ ሁለት ገበታ፣ ሦስት ሰው፣ የደረሰኝ ጥራዝ። ቴሌብር፣ የባንክ ዝውውር፣ ጥሬ ብር፣ ሁሉም ይቻል። በስልክ የሚላክ ብር የቀን ጣሪያ ስላለው ትልቅ ለሚከፍሉ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ በትልቁ ታትሞ ይለጠፍ። ኔትወርክ ቢጠፋ በካርቦን የሚጻፍ የቃል መግቢያ ወረቀት ይኑር፤ ፊርማና የሚከፍሉበት ቀን ያለው። ዕቃ ሳይከፈል አይወጣም። ያለፈውን 70,000 በተመለከተ ሊቀመንበራችሁ በአካል ሄዶ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቅ። ካልሆነ ተዉት፤ ሰዎቹን ግን አታሳጡ፣ በዘንድሮውም ጥሪ አትዝለሏቸው።

ቶምቦላ ጨረታ አይደለም፤ ዕጣ ነው። ዕጣ ደግሞ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ አይካሄድም። ለትንሽ ዝግጅት ድካሙ ከጥቅሙ ይበልጣል፣ ተዉት። ጨረታውንም ቢሆን የተመዘገባችሁበት መሥሪያ ቤት አስቀድሞ በደብዳቤ ይወቅ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪን ከ20 በመቶ በላይ እንዳይሆን ይገድባል፤ ከ380,000 ላይ 290,000 ወጪ ያየ ኦዲተር መጠየቁ አይቀርም። ለለጋሾቻችሁ የምትነግሩት አንድ ነገርም አለ። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለበጎ አድራጎት የተሰጠ ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪነት እንዲያዝ ይፈቅዳል። ስለዚህ ሕጋዊ ደረሰኝ ለነጋዴ ትርጉም አለው። ስጦታና ግዢ ግን አንድ አይደሉም፤ የጀልባ ጉዞ ለገዛ ሰው የስጦታ ደረሰኝ አትቁረጡ።

ቀኑን በተመለከተ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነጋዴው ግብሩን ያወራርዳል፣ ወላጅ ደግሞ ደብተርና ዩኒፎርም ይገዛል። ከኅዳር 15 እስከ ገና ጾም ነው። የሚሻለው ከጥምቀት በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ያለው ጊዜ ነው። የሠርግ ወቅት ስለሆነ ግን አዳራሽና እንግዳ ይሻማችኋል፤ ጥሪውን ከሁለት ወር በፊት አድርሱ። ማታ አታድርጉት። ሰው በጊዜ ቤቱ መግባት ይፈልጋል፣ ከመሸ ባጃጅም አይገኝም። ቅዳሜ ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ይበቃል። ሐይቁም የሚታየው በቀን ነው። የክርስቲያንና የሙስሊም ምግብ ተለይቶ ይቅረብ፤ ሁለቱም እኩል ይሞላ፣ እኩል ይመር።

ቁርጥ ያለ ምክሬ ይኸው። 80 እንግዳ፣ እያንዳንዱ በስም ተመርጦ። በወረቀት 12 ዕቃ፣ መድረክ ላይ 8፣ አንድ ዳቦ፣ አንድ ቀጥተኛ ጥያቄ። የአዳራሹና የምግቡ ወጪ ቀኑ ሳይደርስ በስፖንሰር ይሸፈን፤ ሆቴሉ ራሱ ግማሹን እንዲተው ጠይቁት፣ ሥራ በማይበዛበት የቀን ሰዓት ስለሆነ እሺ ሊል ይችላል። ይህን ሁሉ ከመጀመራችሁ በፊት ግን አንድ ወረቀት አውጡና መክፈል የሚችሉ፣ ሥራችሁን የሚያውቁ፣ በአካል ጠይቃችኋቸው «እመጣለሁ» ያሏችሁን 25 ሰዎች ስም ጻፉ። እስከ ኅዳር መጨረሻ 25 ካልሞላ አዳራሽ አትያዙ። ያገኛችኋቸውን 10 ወይም 15 ሰዎች ቤታቸው ሄዳችሁ፣ የምሳውን ሒሳብ አሳይታችሁ፣ አንድ አንድ ልጅ በዓመት እንዲይዙላችሁ ጠይቁ። ያለ ባነር፣ ያለ ድምፃዊ፣ ከአምናው 20,000 በላይ ታገኛላችሁ።